የኮምፒውተር ክፍላችንን ከሌባ ለመጠበቅ ገንዘባችንን የት ላይ እናውል?

የአይሲቲ መምህር

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ 30 የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ 12 ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ሁለት ትልልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) አግኝተናል። ክፍሉ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቺፕውድ ኮርኒስና አንድ የላሜራ በር አለው። ከአራቱ መስኮቶች ፍርግርግ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ወደ መንገድ የሚያዩት። ሰው በማያልፍበት በጓሮ በኩል ያሉት ባዶ ናቸው። ማን እንዲህ እንዳሰበው አላውቅም።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ለጥበቃ የሚሆን ገንዘብ ፈቅዷል፤ ሁሉንም ለመሥራት ግን አይበቃም። ርዕሰ መምህራችን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የኬብል ቁልፍ (በማሽኑ ጎን ባለ ቀዳዳ ገብቶ በብረት ገመድ ከጠረጴዛ ጋር የሚያስር) ይገዛ ይላሉ። የሒሳብ ሹሙ ደግሞ ካሜራ ይሻላል ባይ ነው። እኔ ሁለቱም ከመገዛታቸው በፊት ሌላው ሰው ምን እንደሠራና ምን እንዳዋጣው መስማት እፈልጋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ አለብን፤ ሐምሌና ነሐሴ ግቢው ጭር ይላል።

ብየዳ ቤት

መምህር፣ ኬብሉንም ካሜራውንም ለጊዜው ያቆዩአቸውና ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ።

በር ሠርቼ የማስረክብ ሰው ነኝና በር አሠሩ ብል የምጠቀመው እኔ ነኝ። ነገር ግን በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ከላይ ቆርቆሮው በሚስማር ብቻ የተያዘ ክፍል በየትምህርት ቤቱ አያለሁ። ሁለት ቆርቆሮ በፒንሳና በብረት ዘንግ ከሞራሌው (ቆርቆሮውን ከሚሸከመው እንጨት) ላይ ማላቀቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በታች ያለው ቺፕውድ ደግሞ በእግር ሲረገጥ ይበሳል። ክረምትን የጠቀሱት በጭርታው ምክንያት ነው፤ ሌላም ምክንያት አለ። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዘበኛው ከበሩ ሥር ቢቀመጥ እንኳ ከላይ የሚነቀለውን አይሰማም።

መፍትሔው ከኮርኒሱ በላይ የፌሮ መረብ መዘርጋት ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይተላለፍና መገናኛው ሁሉ ይበየዳል። ጫፉ ከግድግዳው ራስ ላይ ካለው የኮንክሪት ማሰሪያ ብረት ጋር ይያዛል። ከሞራሌው ጋር ብቻ ካሰሩት ሞራሌው ሲነሣ መረቡም አብሮ ይነሣል፤ እንዲህ ያለ ሥራ አይቀበሉ። ክፍሉ ትልቅ ሆኖ ፌሮው ከረዘመ መሐል ላይ በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ማስደገፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በራሱ ክብደት ይረግባል።

መስኮቱ ላይ ደግሞ የብሎኬቱን ነገር ልብ ይበሉ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ፍርግርግ በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ ማስያዣ) እና በብሎን ብቻ ከተያዘ በአንድ ጠንካራ ዘንግ ከነፊሸሩ ይወጣል። ማሰሪያው የሚያርፍበት ብሎኬት ተሰብሮ በኮንክሪት መሞላት አለበት። ወይም ረጅም ብሎን ግድግዳውን ዘልቆ በውስጥ በኩል የመዳፍ ስፋት ባለው ላሜራ ላይ በዳዶ ይታሰርና ዳዶው ይበየዳል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው፤ ፍርግርጉ ከነመቃኑ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሞ ያየሁበት ጊዜ አለ። የአበባ ቅርጽ ያለው ስስ ፕላታ ብረት ለቤት ውበት ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ባለ 12 ወይም ባለ 14 ድፍን ብረት ሲሆን ክፍተቱም የሰው ጭንቅላት የማያስገባ መሆን አለበት።

ዝምተኛው አንባቢ

ይህ ሁሉ ብረት ለምን አስፈለገ? ሁለት ታማኝ ዘበኛ ቅጠሩ፤ አለቀ። በገንዘቡ የደመወዝ ጭማሪ ስጧቸው። ብረት አይጮኽም፣ ሰው ግን ይጮኻል።

ላብ ቴክኒሻን

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ብየዳ ቤት ስለ ጣሪያው ያሉት ልክ ነው፤ የምጨምረው ስለ ኬብሉ ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ጭራሽ አልተሳሳቱም።

የኬብል ቁልፍ የሌሊት መከላከያ አይደለም። ቀጭኑን የብረት ገመድ ትልቅ የብረት መቀስ በአንድ ጉርሻ ይበጥሰዋል። የተጣመመ ላፕቶፕ ለመሸጥ ግድ የሌለው ሌባ ደግሞ ቀዳዳውን ገንጥሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ክብ ቁልፍ ያላቸው የብስክሌት መቆለፊያዎች በእስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈቱ ዓለም አይቷል፤ በዚያው ዓይነት ክብ ቁልፍ የተሠሩ ርካሽ የኮምፒውተር ኬብሎች ዛሬም በገበያ አሉ። ኬብል የሚጠቅመው ቀን ነው። ክፍሉ በተማሪ ተሞልቶ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ፣ ወይም በእረፍት ሰዓት በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ ዕቃ አንሥቶ ቦርሳ ውስጥ የሚከተውን ያስቆማል። ስለዚህ ለላፕቶፖቹና ለፕሮጀክተሩ ግዙ፤ ለ30 የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ገንዘባችሁን አትጨርሱበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ። የተለመደው፣ በኬንሲንግተን ኩባንያ ስም የሚጠራው ቀዳዳ 3 በ7 ሚሊ ሜትር ነው። በስስ ላፕቶፖች ላይ ያለው ናኖ የሚባለው 2.5 በ6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአንዱ ቁልፍ ለሌላው አይሆንም። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ጎኑ ያዘመመ ሌላ ዓይነት አለ። ሳይለካ በጅምላ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ የቀረ ኬብል ብዙ ነው። ሌላው ጉዳይ ኬብሉ የሚታሰርበት ነገር ነው። የጠረጴዛ እግር ላይ ጠምጥመው ይሄዳሉ፤ ጠረጴዛውን ብድግ ሲያደርጉት ገመዱ ከሥር ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ በተበየደ ቀለበት፣ ወይም ከግድግዳው ጋር በተያዘ ረጅም አንግል ብረት ላይ ይለፍ።

እኛን ያስቸገረን ግን የተሰረቀ ኮምፒውተር ሳይሆን የተሰረቀ ራም (በማሽኑ ውስጥ ያለው የማስታወሻ ካርድ) ነው። ማሽኑ ቦታው ላይ አለ፣ ይበራል፣ ቆጠራ ላይም አልጎደለም። ከፍተን ስናይ ባለ 8 ጊጋባይቱ ወጥቶ ባለ 2 ገብቶበታል። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ። ለሥራ ቦታ ተብለው የተሠሩ የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤች ፒ ፕሮዴስክ ዓይነት ማሽኖች ከኋላ ትንሽ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀለበት አላቸው፤ እርሱ ከተቆለፈ የጎን ክዳኑ አይነሣም። ቀለበት የሌለው ከሆነ ብሎኑን ልዩ መፍቻ በሚፈልግ ብሎን መቀየር ይቻላል። ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ክዳን መከፈቱን የሚመዘግብ መቼት ካለ አብሩት፤ ባዮሱንም በይለፍ ቃል ዝጉት። ይህ ሁሉ ከ30 ኬብል በብዙ ይረክሳል።

አሁን ስለ ፍርግርጉ። አራቱን መስኮት በብረት ዘግታችሁ፣ ከላይ መረብ ዘርግታችሁ፣ አንድ በር ካስቀራችሁ፣ 40 ተማሪ የሚቀመጥበት ክፍል ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። በዩፒኤስና በተደራረበ ማከፋፈያ የተሞላ ክፍል ደግሞ ከሌላው ክፍል ሁሉ በበለጠ የኤሌክትሪክ እሳት ያሰጋዋል። በዚህ ላይ ምን ታስባላችሁ?

ንብረት ክፍል

ከዝምተኛው አንባቢ ልጀምር። ወንድሜ፣ ዘበኛ ይቀጠር ማለትህን አልቃወምም። ነገር ግን ዘበኛ የሚጠብቀውን ነገር ካላወቀ ምኑን ይጠብቃል? ጠዋት ሲረከብ ስንት ዕቃ እንደተረከበ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ጠፋ ሲባል እርሱም ራሱን መከላከል አይችልም። በመንግሥት ንብረት ክፍል ውስጥ አርጅቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ከቢሮ ሲጠፋ ካየሁት ኮምፒውተር አብዛኛው ያለ አንዳች መሰበር ነው የጠፋው። በሩ በቁልፍ ተከፍቶ፣ በቁልፍ ተዘግቶ።

መምህር፣ ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል? ወደ ክፍሉ ሲወጣስ በሞዴል 22 በማን ስም ወጣ? ብዙ ጊዜ ሞዴሉ ላይ «ኮምፒውተር 30» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ይህ መዝገብ ሊባል አይችልም። የእያንዳንዱ ማሽን መለያ ቁጥር፣ ሞዴሉ፣ የራሙና የዲስኩ መጠን በዝርዝር ይጻፍ። በዴል ማሽኖች ላይ ሰርቪስ ታግ የሚባል ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ፤ እርሱን ይጻፉ። ሞኒተሩ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ለብቻው ይመዝገብ። ተለጣፊ ወረቀት ስለሚላጥ በባዮሱ ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር ማመሳከርም ያስፈልጋል። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ስምና ተራ ቁጥር በክዳኑ ላይ በመቅረጫ ይቅረጹ፤ በቀለም የተጻፈ በአልኮል ይጠፋል። የተቀረጸ ላፕቶፕ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ ሌባውም ይህን ያውቃል።

ስለ ቁልፍ። አንድ ጓጉንቸር ሲገዛ ሦስት ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ሦስቱ የት ናቸው? አንዱ ከኃላፊው ጋር፣ አንዱ ከላይ ፊርማ ባረፈበት በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ፣ ሦስተኛውም እዚያው መሆን አለበት። በእኛ አገር ግን አንዱ ከዘበኛው፣ አንዱ ከጽዳት ሠራተኛዋ፣ አንዱ ደግሞ ባለፈው ዓመት ከተዛወረው መምህር ኪስ ነው። መምህር ሲዛወር ቁልፍ መለወጥ አለበት፤ ርክክቡ ላይ ቁልፉን ቢመልስም እንኳ። ቁልፍ አስቀራጭ በየመንገዱ ጥግ ተቀምጧል።

አንድ የቆየ ዘዴ ደግሞ ላንሣ፤ ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ። ጠዋት በሩ ይከፈትና ጓጉንቸሩ አፉን ከፍቶ ማንጠልጠያው ላይ ይቀመጣል። ሌባው በቀን መጥቶ ያንኑ የሚመስል የራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥልና የእናንተን ይወስዳል። ማታ ኃላፊው በሌባው ጓጉንቸር ቆልፎ ይሄዳል። ሌሊት ሌባው በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ሥራውን ይጨርስና የእናንተን መልሶ ቆልፎበት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ ቁልፍ በያዘው ሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቀን ቀን ጓጉንቸሩ ወይ ማንጠልጠያው ላይ ተቆልፎ ይቆይ፣ ወይ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

ብየዳ ቤት

ንብረት ክፍል ያሉት የጓጉንቸር ዘዴ እውነት ነው፤ ለአንድ መጋዘን በዚሁ ምክንያት በር ቀይሬያለሁ። በነገራችን ላይ ጓጉንቸሩ ራሱ በላሜራ ሳጥን ውስጥ እንዲደበቅ ያድርጉት፤ እጅ ብቻ ከሥር የሚገባበት ትንሽ ሳጥን በሩ ላይ ይበየዳል። ያን ጊዜ ግራይንደርም ሆነ የብረት መቀስ የጓጉንቸሩን ቀለበት አያገኘውም። ማጠፊያው ወደ ውጭ ከሆነ ደግሞ ፒኑ ተቆርጦ በሩ በተቆለፈበት ይነቀላል። በማጠፊያው በኩል ከበሩ ጠርዝ ላይ ሁለት የብረት ጥርስ በየዱ፤ በሩ ሲዘጋ መቃኑ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ይገባሉ። ፒኑ ቢወጣም በሩ አይነሣም።

ላብ ቴክኒሻን ላነሣሽው ጥያቄ፦ ልክ ነሽ፣ ግን ትምህርት ቤቶች ሥራ ሲሰጡን ስለ መውጫ ጠይቀውን አያውቁም። ባለቤቱ ያዘዘውን እንሠራለን።

ላብ ቴክኒሻን

ባለቤቱ ባይጠይቅም ሠሪው ቢያሳስብ ምን ነውር አለው? ልጆች ናቸው የሚቀመጡበት።

ብየዳ ቤት

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ከጓሮ መስኮቶቹ አንዱን በማጠፊያ ወደ ውጭ የሚከፈት ፍርግርግ ማድረግ ይቻላል። መቀርቀሪያው በውስጥ ይሆናል። ቀን ትምህርት ሲኖር ጓጉንቸሩ ይወልቃል፤ መቀርቀሪያው ብቻ ይቀራል፤ ማንኛውም ልጅ በአንድ እጁ ይከፍተዋል። ማታ ጓጉንቸሩ ከውስጥ ይገባበታል። መቀርቀሪያው ከውጭ እጅ ሰዶ እንዳይደረስበት ዙሪያውን ላሜራ ይልበስ። ዋጋው ከተራው ፍርግርግ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። በሩም ወደ ውጭ እንዲከፈት ይደረግ፤ ልጆች ሲጋፉ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትም።

ኢንተርኔት ቤት የነበረኝ

ካሜራ ለሚሉት የሒሳብ ሹም የምለው አለኝ። ኢንተርኔት ቤት በየመንደሩ በነበረበት ዘመን ሦስት ዓይነት ጥበቃ ሞክሬአለሁ።

ካሜራ ሌባ አያስቆምም፤ የሌባ ፊት ያሳያል፤ ያውም ኮፍያ ካላደረገ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መቅጃው እዚያው ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ሌባው ኮምፒውተሩን ይዞ ሲወጣ መቅጃውንም ጨምሮ ይወስደዋል። ካሜራ ካስገባችሁ መቅጃው በሌላ ሕንፃ፣ ለምሳሌ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሽቦውም በቱቦ ይሂድ። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም መቅጃውም ይሞታሉና ለእነርሱ ለብቻው ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ቅጂው ስንት ቀን እንደሚቆይም ጠይቁ። ክረምት ላይ የጠፋ ዕቃ መስከረም ላይ ሲታወቅ ቅጂው በራሱ ላይ ተጽፎበት ይገኛል።

በዋጋውም በጥቅሙም የምመርጠው ማንቂያ ደወል ነው። በሩና መስኮቱ ላይ ማግኔት ያለው ማብሪያ፣ ክፍሉ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚያይ መሣሪያ፣ ከኮርኒስ በላይ ደግሞ ጩኸቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ሳይረን። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከተገጠመለት መብራት ቢቆረጥም ሌሊቱን ያድራል። ሲም ካርድ የሚቀበለው ዓይነት ወደ ሦስትና አራት ስልክ ይደውላል። ሲም ካርዱ ሒሳብ ከሌለው ግን ዝም ብሎ የተሰቀለ ሣጥን ነው፤ ይህን የሚከታተል ሰው በስም ይመደብ። ዝምተኛው አንባቢ ብረት አይጮኽም ብለሃል፤ ይኸው የሚጮኸው።

ከዕቃዎቹ መካከል ደግሞ ዩፒኤሱን አትርሱት። ከባድ ስለሆነ አይሰረቅም ይባላል። ባትሪው ግን ይሰረቃል፤ ለፀሐይ ኃይልና ለሞተር ብስክሌት ገዢ አያጣም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። የተወለድኩበት ከተማ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ያገለገሉ ላፕቶፖች ከሚልክ ማኅበር ጋር እሠራለሁ፤ ስለዚህ የላፕቶፑ ነገር ይመለከተኛል።

እዚህ አገር ላፕቶፕ በአብዛኛው የሚሰረቀው ከመኪና ውስጥ ነው። መስታወት በአንድ ምት ይረግፋል፤ ቦርሳው ወንበር ላይ ታይቶ ነበር፤ በቃ። እናንተ ዘንድ ግን 12 ላፕቶፖች በአንድ ቦታ ተደርድረው ያድራሉና የሚያስፈልጋችሁ ጠንካራ የብረት ቁም ሣጥን ነው። እዚህ ትምህርት ቤቶች እየሞላ የሚያስቀምጥ ባለ ጎማ ጋሪ ይጠቀማሉ። ጋሪ ግን ጎማ ስላለው ሌባውም ይገፋዋል፤ ማታ ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት ሊታሰር ይገባል። በአገራችን ብየዳ ቤት የሚሠራው ቁም ሣጥን ከግድግዳና ከወለል ጋር በብሎን ከተያዘ ከጋሪው የተሻለ ነው። ብሎኖቹ በውስጥ በኩል ይሁኑ።

ላፕቶፕ በእርዳታ ስትቀበሉ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የመቆለፊያ ቀዳዳ አለው ወይ? ማክቡክ ኤር ከመጀመሪያው ጀምሮ የለውም፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖችም የላቸውም። ለእነዚህ በሙጫ የሚለጠፍ የብረት ሳህን ይሸጣል፤ ሙጫው ግን በሙቀት ይለሰልሳል፤ ቁም ሣጥኑ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ከላኪው መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ተለቋል ወይ? የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ክሮምቡኮች (በጉግል ሥርዓት የሚሠሩ ላፕቶፖች) በማዕከላዊ መዝገብ የታሰሩ ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ ቢጠረጉም ኢንተርኔት ሲያገኙ ወደዚያው ይመለሱና ይቆለፋሉ። አፕልም እንዲሁ የባለቤቱ መለያ ካልተነሣ አይከፈትም። ይህ ለሌባ የተሠራ መቆለፊያ ነው፤ ላኪው ካልፈታው ግን የተቸገረው ተቀባዩ ይሆናል። ያንኑ መቆለፊያ በራሳችሁ መለያ ብታስገቡት ደግሞ ለእናንተ ይሠራል።

አራት ኪሎ ተማሪ

ስለ ክፍል ስታወሩ እኛን አትርሱን። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «እባክህ እያትልኝ» ተብሎ ላፕቶፕ ለማይታወቅ ሰው አደራ ይሰጣል። አደራ የተሰጠው ሰው ደግሞ ስሙን እንኳ አይጠየቅም። የኬብል ቁልፍ እዚያ ጠቅሞኛል፤ ምሳ ለመብላት ሳይሆን ውኃ ለመጠጣት። ዶርም ውስጥ ግን የአልጋው ብረት የተበየደ ስለሆነ እርሱ ላይ ነው የማስረው።

የሕግ ሰው

ከጠፋ በኋላ ስለሚሆነው ጥቂት ልበል፤ ዝግጅቱ የሚያስፈልገው ከመጥፋቱ በፊት ነውና።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት መለያ ቁጥሩንና የንብረቱን ማስረጃ ነው። «ጥቁር ዴል ነው» ብሎ ማመልከት ዋጋ የለውም። ንብረት ክፍል የተናገሩት ዝርዝር በሁለት ቅጂ፣ አንዱ ከኮምፒውተር ክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። ዝርዝሩን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያስቀመጠ ድርጅት አውቃለሁ፤ ኮምፒውተሩ ሲሄድ ዝርዝሩም ሄደ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ይደነግጋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንቀጽ 682ን ነው፤ መሸሸግን የሚመለከት ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲችል የገዛ፣ የደበቀ ወይም ለመሸጥ የረዳ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች ስለዚህ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ የሻጩ መታወቂያ ቅጂ፣ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ውልና ምስክር ይኑር። ዋጋው ከገበያው በእጅጉ ዝቅ ማለቱ ራሱ ሊጠረጠር እንደሚገባ ምልክት ተደርጎ ሊታይባችሁ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና ከገዛ ሰው ላይ ሳይቀር ሊጠየቅ ይችላል።

ኢንሹራንስ ካሰባችሁ ውሉን አንብቡ። የስርቆት ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በኃይል ተሰብሮ የተገባ ምልክት እንዲታይ ይጠይቃል። በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ለተዘጋ ክፍል ካሣ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ንብረት ክፍል ስለ ቁልፍ የተናገሩት እዚህም ላይ ዋጋ አለው።

ዝምተኛው አንባቢ

ዘበኛ ብዬ በጀመርኩት ላይ ብዙ ወቀሳ ወረደብኝ። ይሁን። ግን ጥያቄ አለኝ፦ ጣሪያውን በፌሮ፣ መስኮቱን በፍርግርግ፣ በሩን በጥርስ ከዘጋችሁ በኋላ ለቁም ሣጥኑና ለደወሉ የሚተርፍ ገንዘብ አለ? መምህሩ ገንዘቡ አይበቃም ብለዋል። ሁላችሁም የየራሳችሁን ሙያ ጨመራችሁበት እንጂ ምን ይቅር ያለ የለም።

ንብረት ክፍል

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። መዝገቡ፣ በዕቃው ላይ ስም መቅረጹና የቁልፉ ሥርዓት ወረቀትና ጥቂት ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቁም፤ እነርሱ ነገ ይጀመሩ። ከዚያ ሁለቱ ባዶ መስኮቶች። ከዚያ ጣሪያው። የሚቀረው ኬብሉ ይሁን።

ላብ ቴክኒሻን

እኔ በጣሪያው ፈንታ ሌላ አማራጭ አለኝ፤ ገንዘብ ካነሰ። ክፍሉን በሙሉ ከማጠር ይልቅ ለክረምት ወራት ዕቃውን ወደ አንድ ጠንካራ ክፍል ሰብስቡ። በብዙ ትምህርት ቤት የኮንክሪት ጣሪያ ያለው አንድ ሕንፃ ይኖራል፤ የመዝገብ ቤት ወይም የፈተና ወረቀት የሚቀመጥበት። 30 የኮምፒውተር ሣጥን ለክረምቱ ሁለት ወር አንድ ጊዜ መሸከም ለተማሪዎች ቀላል ነው። ሞኒተሮቹ ይቅሩ፤ እነርሱ ለሌባ አስቸጋሪ ናቸው። ሣጥኖቹ ከመሬት ከፍ ብለው በእንጨት ላይ ይቀመጡ፤ እርጥበት ከሌባ ያላነሰ ያጠፋቸዋል።

የአይሲቲ መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጊዜ ወስዳችሁ የጻፋችሁትን። ይህን ክር አትሜ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠኋቸው፤ የጓጉንቸሩን ዘዴ ሲያነቡ ሳቁ፣ ከዚያ ተነሥተው የራሳቸውን ቢሮ በር አይተው ተመለሱ።

ኮሚቴው የወሰነው እንዲህ ነው። ሁለቱ የጓሮ መስኮቶች ይሠራሉ፤ አንዱ የሚከፈት ይሆናል። በሩ ጥርስና የቁልፍ ሳጥን ይበየድለታል፤ አቅጣጫውም ይቀየራል። ለላፕቶፖቹ የብረት ቁም ሣጥን ይሠራል። ለእነዚህ ሦስት ፕሮፎርማ እየሰበሰብን ነው። የጣሪያው መረብ ለሚመጣው በጀት ዓመት ተዛውሯል፤ እስከዚያ ላብ ቴክኒሻን ያለችውን እናደርጋለን። የኮንክሪት ጣሪያ ያለው መዝገብ ቤት አለን። ደወሉን በተመለከተ አንድ ነጋዴ ወላጅ እሰጣለሁ ብለዋል። ካሜራው ቀርቷል፤ የሒሳብ ሹሙ አልተደሰተም።

የመለያ ቁጥር ምዝገባውን ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ጀምረናል። የራሙን መጠን ሲጽፉ አራቱ ማሽኖች ከሌሎቹ የተለየ ቁጥር አሳዩ፤ ሲመጡም እንደዚያው ነበሩ ወይስ እዚህ ተቀይረው እንደሆነ ከሞዴል 19ኙ መለየት አልተቻለም። እዚያ ላይ የተጻፈው «ኮምፒውተር 30» ብቻ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ብየዳ ቤት፣ ላፕቶፖቹ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እያሉ ቻርጅ እንዲደረጉ ብንፈልግ ሙቀቱ እንዴት ይሆናል?

ብየዳ ቤት

ድፍን ላሜራ አያድርጉት። በጀርባውና በጎኑ ላይ ከታችና ከላይ የቀዳዳ መስመር ይበሳለታል፤ ቀዝቃዛው ከሥር ገብቶ ሞቃቱ በላይ ይወጣል። ቀዳዳው ከጣት መጥበብ አለበት። መደርደሪያው ላሜራ ሳይሆን የሽቦ ወንፊት ይሁን፤ ላፕቶፖቹም ተደራርበው ሳይሆን በጎናቸው ቆመው በመካከላቸው ሁለት ጣት ክፍተት ይኑር። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው በውጭ በኩል ማጥፊያ ይኑረው፤ ማታ ላፕቶፕ እየሞላ ተቆልፎ አይደር። ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ያስገቡ፣ የላሜራው ጠርዝ ሽቦ ይበላል። ፕሮፎርማ ሲጠይቁ የላሜራውን ውፍረት ጽፈው ይጠይቁ፤ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ውፍረት ካልተጻፈ ሁሉም በስሱ ዋጋ ያቀርባል፣ ኮሚቴውም ርካሹን ይመርጣል።